ሰንጋና ኮርማ፦ ስለ ወንድ ልጅ ሆርሞን በጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ ንግግር



የኛ ተራ የደረሰው ገንዘብ ያዣችን ስለ መዋጮ ውዝፍ በሰፊው ከተናገሩ በኋላ በመሆኑ፣ ከዚያ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር አናመጣም ብለን እናምናለን። ሆኖም የምናነሣው ጉዳይ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማይወራ ነው፤ ይኸውም የወንድ ልጅ የመውለጃ አካል ከአንጎል ትእዛዝ እየተቀበለ፣ ሆርሞን በሚባል ነገር አማካይነት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሥራው ሲታወክም በትዳራችንና በጤናችን ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። እናቶች ባሉበት ስለ ቆለጥ መናገር ነውር ነው የሚል ካለ፣ እናቶች የወለዱትንና ያጠቡትን ልጅ አካል ከኛ አሳንሰው አያውቁትም ብለን እንመልሳለን።

«የቀብር ማኅበር ስለ መውለድ ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋም እናውቃለን። ይኸን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን የእድሩ መዝገብ ራሱ ነው። እንደሚታወቀው የእያንዳንዱ አባል ቤተሰብ የሚጻፍበት ገጽ አለ፤ በላይ ባል፣ ቀጥሎ ሚስት፣ ከሥር ልጆች። መዝገቡን ስናገላብጥ የልጆች መስመር ባዶ የሆነበት ገጽ ያጋጥመናል። ከነዚህ ገጾች በአንዳንዶቹ ላይ የሚስት ስም ተሰርዞ ሌላ ተጽፏል፤ ሁለተኛዋም ተሰርዛ ሦስተኛ የተጻፈችበት አለ። የባል ስም ግን እንዳለ ነው፤ የልጆቹም መስመር እንደ ባዶ ነው። ሚስት ስትለዋወጥ ባዶው መስመር ካልተለወጠ፣ ነገሩ ከማን ዘንድ እንዳለ ለመጠርጠር ሐኪም መሆን ያስፈልጋል እንዴ? በሌላ በኩል ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ሽንት እየከለከላቸው ለልጅ አፍረው፣ ለሚስት አፍረው፣ ለሐኪም አፍረው ቆይተው በመጨረሻ በቃሬዛ ሲወጡ አይተናል። ሁለቱም ነገር ምንጩ አንድ ነው።

ነገሩን ከባሕር ማዶ መጽሐፍ መጀመር አያስፈልገንም። አባቶቻችን ሆርሞን የሚለውን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ኮርማ ሲኮላሽ ሰንጋ ይሆናል፤ ወጠጤ ሲኮላሽ ሙክት ይሆናል። ኮርማ ይዋጋል፣ አጥር ይጥሳል፣ አንገቱ ይወፍራል፤ ሰንጋው ግን ረጋ ብሎ ይሰባል። ወጠጤውን ግቢ ውስጥ ያሰረ ሰው ሽታውን ያውቀዋል፤ ሙክት አይሸትም። ለፋሲካም ሆነ ለዒድ ገበያ የወጣ የድሬ ሰው ከሩቅ አይቶ ሙክቱን ከወጠጤው ይለየዋል። እንግዲህ አስቡት፤ የተነካው ከጭራው ሥር ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ የተለወጠው ግን አንገቱ፣ ሥጋው፣ ሽታውና ጠባዩ ነው። ከዚያች ትንሽ ቦታ ወጥቶ በመላ አካላቱ የሚዞር አንድ ነገር እንዳለ ገበሬው በተግባር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በሰው ላይም ተደርጓል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስለ ንግሥት ሕንደኬ ሹም ሲናገር ጃንደረባ ይለዋል። በጥንት ዘመን በየቤተ መንግሥቱ የተሰለቡ ሰዎች ግምጃ ቤትና እልፍኝ ይጠብቁ ነበር፤ ከአገራችንም ልጆች እየተሰለቡ በቀይ ባሕር በኩል ይሸጡ እንደ ነበር ታሪክ መዝግቦታል። በልጅነቱ የተሰለበ ሰው ድምፁ አይጎረንንም፣ ጢም አያበቅልም። አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። የኮሪያ ሊቃውንት የጥንት ቤተ መንግሥታቸውን የትውልድ መዝገብ መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ 81 ጃንደረቦች በአማካይ 70 ዓመት ኖረዋል፤ ይኸም በዘመናቸው ከነበሩት እኩዮቻቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት ይበልጣል። ለእድር ካዝና ጥሩ ነበር፤ አባል ሁኖ የሚመዘገብ ግን የምናገኝ አይመስለንም።

ይኸን የገበሬ እውቀት ወደ ሳይንስ ያመጣው በርቶልድ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። በ1849 እ.ኤ.አ.፣ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 6 ዓመት በፊት፣ ጎቲንገን በሚባል ከተማ ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ወስዶ ቆለጣቸውን አወጣ። ለአንዳንዶቹ ምንም አልመለሰላቸውም፤ ለሌሎቹ ግን ቆለጡን መልሶ ሆዳቸው ውስጥ፣ ከቦታው ውጭ አስቀመጠላቸው። ያልተመለሰላቸው ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ዘውድ ጠወለገ፣ አልጮኹም፣ አልተደባደቡም። የተመለሰላቸው ግን ዘውዳቸው ቀላ፣ ጮኹ፣ ሴቶቹን አባረሩ። ሲያርዳቸው ቆለጡ ከአዲሱ ቦታ ላይ የደም ሥር አብቅሎ፣ ነርቭ ግን ሳይኖረው አገኘው። ስለዚህ መልእክቱ የሚሄደው በነርቭ ሳይሆን በደም ነው ማለት ነው። ሆርሞን የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ስታርሊንግ ነው፤ ዘመኑ 1905 እ.ኤ.አ.፣ ባቡር ድሬ ዳዋ ከደረሰ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቃሉ ግሪክ ሲሆን ማነሣሣት ማለት ነው። የወንዱ ዋና ሆርሞን ቴስቶስቴሮን ይባላል፤ በ1935 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ ላኩር የተባለ ሊቅና ረዳቶቹ ከ100 ኪሎ የኮርማ ቆለጥ 10 ሚሊግራም ብቻ አጥልለው አወጡ። 100 ኪሎ ቆለጥ አከማችቶ የጨው ቅንጣት የምታህል ነገር ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ትእዛዙ እንዴት እንደሚተላለፍ እንመልከት። እኛ በጽሕፈት ቤት ሥራ ያረጀን ሰዎች ስለሆንን በደብዳቤ ብናስረዳ ይቀለናል። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ቦታ አለ፤ እሱን ዋናው መሥሪያ ቤት እንበለው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ ተንጠልጥላለች፤ እሷን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት እንበላት። ታች ያሉት ሁለቱ ቆለጦች ወርክሾፑ ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ለቅርንጫፉ አጭር ማስታወሻ ይልካል። ቅርንጫፉ ማስታወሻው ሲደርሰው ሁለት ደብዳቤ አዘጋጅቶ በደም መንገድ ወደ ወርክሾፑ ይሰዳል። አንደኛው ኤል ኤች፣ ሁለተኛው ኤፍ ኤስ ኤች ይባላል።

ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ ይኸን ልብ በሉልን፣ የንግግራችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። ኤል ኤች የሚደርሰው ላይዲግ የተባሉ ሕዋሳት ላሉበት ክፍል ነው፤ እነሱ ቴስቶስቴሮን ይሠራሉ። ቴስቶስቴሮን ጢምን ያበቅላል፣ ድምፅን ያጎረንናል፣ ጡንቻን ያፈረጥማል፣ የሴት ፍላጎትን ያነሣሣል፣ አጥንትንና ደምን እንኳ ይደግፋል። ኤፍ ኤስ ኤች ደግሞ የሚሄደው ሰርቶሊ ወደ ተባሉት ሕዋሳት ነው፤ እነሱ እንደ ሞግዚት ሆነው የወንዱን ዘር ያሳድጋሉ። ዘሩ እንዲያድግ ከጎረቤቱ ክፍል የሚመጣው ቴስቶስቴሮንም የግድ ያስፈልጋል፤ ቆለጥ ውስጥ ያለው የቴስቶስቴሮን መጠን በደም ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ወርክሾፑ ሥራውን ሲሠራ ዝም አይልም፤ ለላይ አለቆቹ መልስ ይጽፋል። ቴስቶስቴሮኑ በደም ዙሮ አንጎል ሲደርስ «በቂ ደርሷል» የሚል መልስ ሁኖ ይነበባል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ማስታወሻውን ይቀንሳል። የዘር ማሳደጊያው ክፍልም ኢንሂቢን በሚባል ሆርሞን ለቅርንጫፉ የራሱን ሪፖርት ያቀርባል። መልሱ ሲያንስ ትእዛዙ ይበረታል፤ መልሱ ሲበዛ ትእዛዙ ይቀንሳል። እንደዚህ የተስተካከለ የደብዳቤ ልውውጥ በሥራ ዘመናችን ሁሉ አላየንም።

አንድ ነገር እናክል። ያ የዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወሻ ምን እንደሆነ በ1971 እ.ኤ.አ. የታወቀው ሻሊና ጊልማን በተባሉ ሁለት ተፎካካሪ ሊቃውንት ድካም ነው፤ አንዱ የአሳማ፣ ሌላው የበግ አንጎል በመቶ ሺህ እያስሰበሰቡ ሲጣደፉ ኖረው በ1977 የኖቤል ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ኋላ ላይ እንደ ተረጋገጠው ማስታወሻው በየጊዜው እረፍት እየሰጠ ከመጣ ቅርንጫፉ ይታዘዛል፤ ያለ ማቋረጥ ከጎረፈ ግን ቅርንጫፉ መክፈቱን ይተዋል፣ ወርክሾፑም ይቆማል። ማንኛውም ጸሐፊ እንደዚያው ነው። ዛሬ ለፕሮስቴት ካንሰር ከሚሰጡት መርፌዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ባዶው መስመር እንመለስ። ከላይ እንዳልነው ወርክሾፑ ሁለት ክፍል አለው። የቴስቶስቴሮኑ ክፍል በደንብ እየሠራ የዘሩ ክፍል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ጢሙ ሙሉ፣ ድምፁ ወፍራም፣ በአልጋም የማያፍር ሁኖ ሳለ በፈሳሹ ውስጥ አንድ ዘር እንኳ ላይኖር ይችላል። ፈሳሹ አብዛኛው ከሌሎች እጢዎች የሚመጣ ስለሆነ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። «እኔማ ወንድ ነኝ፣ ጉድለቱ ከሷ ነው» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ወንድነትና መውለድ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ ቤት አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ከስድስት ጎልማሶች አንዱ በዕድሜው ልጅ የማጣት ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶች ግማሽ በሚያህሉት ላይ የባል ችግር ብቻውን ወይም ከሚስት ጋር ተደርቦ ይገኛል። ይኸ በመላው ዓለም የታወቀ ነው፤ ድሬ ዳዋ ከዓለም ውጭ አይደለችም። ታዲያ እኛ ጋ በየጠበሉ፣ በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየባህል ሐኪሙ ቤት የምትንከራተተው ማን ናት? ሚስት ናት። ጸሎቱን አንነቅፍም፤ ባልዬው ቤት ተቀምጦ እሷ ብቻ መንከራተቷን ነው የምንነቅፈው።

ከአባሎቻችን አንዱ ታሪኩን ስሙ ሳይጠራ እንድንናገር ፈቅዶልናል። በወጣትነቱ ያገባት ሚስቱ ስድስት ዓመት ሳትወልድ ቀረች፤ ዘመድ ተሰብስቦ አስፈታው። እሷ ወደ እናቷ አገር ሂዳ ሌላ አገባችና ሦስት ልጆች ወለደች። እሱም ሁለተኛ አገባ፤ አሁንም ልጅ የለም። ሁለተኛዋ ሚስቱ ግን ብልህ ሴት ናት፤ «እኔ ስመረመር አንተም ትመረመራለህ፣ አለዚያ አልሄድም» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው። ውጤቱ ሲወጣ ጉድለቱ ከሱ ሁኖ ተገኘ፤ በ17 ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ እንደ ነበር ያን ጊዜ ትዝ አለው። «ሚስቴን የፈታኋት በኔ በሽታ ነው» ብሎ እኛ ፊት አለቀሰ። የመጀመሪያዋ ሚስት የሄደችው «መካን» የሚለውን ስም ተሸክማ ነበር።

ጆሮ ደግፍ በልጅነት ሲይዝ ብዙ አይጎዳም፤ ከጉርምስና በኋላ የያዘው ሰው ግን ቆለጡን ሊያሳብጥበት ይችላል። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ጨብጥ በወቅቱ ካልታከመ የዘሩን መተላለፊያ ይዘጋል። ከቆለጥ በላይ ያለው የደም ሥር እንደ ትል ተጠማዝዞ ሲያብጥ ሙቀት ይጨምራል፤ ይኸ ከመቶ ወንድ በ15ቱ ገደማ ላይ ይገኛል፣ ልጅ ካጡት ወንዶች መካከል ደግሞ ከሦስት አንዱ ያህል አለበት፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። አንዳንዱ ችግር ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ፒቱታሪ ላይ ትንሽ እብጠት ወጥቶ ትእዛዙን ያደናቅፋል፤ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ያስከትላል። የዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ስለሚድን ተስፋ የሚሰጥ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ለናንተ አንድ አደራ አለን። ወንድ ልጅ ስትወልዱ ሁለቱም ቆለጥ ወርዶ እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሱ። አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ አንዱ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ይወለዳል። እስከ ስድስት ወሩ ካልወረደ ለሐኪም ማሳየት፣ ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማውረድ ይገባል። ሆድ ውስጥ የቀረ ቆለጥ ሙቀቱ ስለሚያይልበት ዘር ማብቀል ይሳነዋል፣ ካደገም በኋላ ለካንሰር ይጋለጣል።

ሙቀቱ ካነሣን ዘንድ የከተማችንን ነገር እንናገር። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘር የሚበቅለው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። ብርድ ሲሆን ይሰበሰባል፣ ሙቀት ሲሆን ይረዝማል። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ምን እንደሆነ ለናንተ አንነግርም። የኛ አባቶች ግን ብልሃት ነበራቸው፤ ቤታቸው ሲገቡ ሱሪውን አውልቀው ሽርጥ ያገለድማሉ። ወጣቶቹ ሽርጥ የሽማግሌ ልብስ ነው እያሉ ይሥቃሉ፤ ዳሩ ግን በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 656 ወንዶች ተመርምረው በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ ታተመው ሰፊ የውስጥ ሱሪ የሚለብሱት የዘራቸው ብዛት ጠባብ ከሚለብሱት በ25 በመቶ በልጧል። ደግሞም የሰፊ ለባሾቹ ኤፍ ኤስ ኤች በ14 በመቶ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ከላይ የተናገርነው የደብዳቤ ልውውጥ ይመስላል፤ ወርክሾፑ በሙቀት ሲዳከም ቅርንጫፉ ደጋግሞ ጠንካራ ደብዳቤ ይጽፋል። ስለዚህ አቦ፣ ሽርጣችሁን አትናቁ። ምድጃ ፊት የምትውሉ ዳቦ ጋጋሪዎችና ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የምትቀመጡ ሾፌሮችም ወጣ እያላችሁ አየር ውሰዱ። ዘር ተጸንሶ እስኪበስልና እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ዛሬ የተስተካከለ ነገር ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ጫትን ሳንነካ ብንወርድ ድሬ ዳዋ ቁመን እንዳልተናገርን ይቆጠራል። እኛ ጫት ላይ ለመፍረድ አልመጣንም፤ ከቀትር በኋላ ስንቱ ቤት በርጫ ላይ እንደሚሆን ይታወቃል፣ ብዙ ሰውም የሚተዳደርበት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ ከቃሚዎችና ካልቃሙ ሰዎች ዘር ተወስዶ ሲመረመር የቃሚዎቹ ቁጥሩ አንሶ፣ አካሄዱ ደክሞ፣ ቅርጹም ተበላሽቶ ተገኝቷል። በ2004 ደግሞ ለንደን ውስጥ በቤተ ሙከራ ከጫት ውስጥ የሚገኝ ቅመም ዘርን ያፋጥናል የሚል ወሬ ወጣና ቃሚው ሁሉ ደስ አለው። ነገር ግን ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ማድረግና ዕድሜ ልክ በየቀኑ መቃም አንድ አይደለም። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን እንቅልፉ ነው። ቴስቶስቴሮን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ሰው ሲተኛ ነው፤ ለዚህም ነው የደም ምርመራው ጧት የሚደረገው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ 10 ጤናማ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ የቀን ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ መርቅኖ እስከ ንጋት የሚያፈጥ ሰው በየዓመቱ ስንት ሌሊት እንደሚያጣ ራሱ ያስላው።

ከጫት ይልቅ የሚያስፈራን ሌላ ነገር አሁን አሁን መጥቷል። ወጣቶቻችን ጡንቻ ለማሳበጥ ቴስቶስቴሮንና የሱን ዘመዶች በመርፌ ይወጋሉ፤ አንዳንድ ጎልማሶችም «ኃይል ይሰጣል» ሲባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛሉ። የደብዳቤውን ልውውጥ ያስታወሰ ሰው ውጤቱን ይገምታል። ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎል ሲደርስ «በቂ ደርሷል» የሚል የሐሰት ሪፖርት ይሆናል። ዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወሻውን ያቆማል፣ ቅርንጫፉ ደብዳቤውን ያቆማል፣ ወርክሾፑ ይዘጋል። በደሙ ውስጥ ቴስቶስቴሮን ሞልቶ ሳለ ቆለጡ ውስጥ ያለው ይደርቃል፤ ቆለጡ ራሱ ያንሳል፣ ዘሩም ይጠፋል። መርፌው ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ይሁንና ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ልጅ ስላጣ ኃይል ሰጪ መርፌ የሚወጋ ሰው ጥም ለማብረድ ጨው እንደሚልስ ነው። ለአልጋ ጉዳይ የሚወሰደው ሰማያዊ ክኒን ደግሞ ጨርሶ ሆርሞን አይደለም፤ የደም ሥር የሚከፍት ነው፤ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢደርበው የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። በአልጋ መድከም ብዙ ጊዜ የስኳርና የደም ግፊት የመጀመሪያ ምልክት ነውና፣ ክኒን ከመፈለግ በፊት ስኳርን መለካት ይበልጣል።

ምርመራውስ ምን ያህል ከባድ ነው? ከምንም አይቆጠርም። ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኑረው ካልጸነሰች ሁለቱም በአንድ ቀን ይሂዱ። የባልዬው የመጀመሪያ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የዘር ፈሳሽ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ይሰጣል። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ዘር ያህል እንደ ዝቅተኛ መለኪያ ይያዛል፤ ከዚያ ያነሰውም ቢሆን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። የሴቷ ምርመራ ከዚህ እጅግ የረዘመና የሚያሳምም ነው፤ ታዲያ ቀላሉን ትቶ ከከባዱ መጀመር ምን ይሉታል? እዚህ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሂዶ መጠየቅ ይቻላል። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ ዘርንና እንቁላልን ከማሕፀን ውጭ እስከ ማገናኘት የሚደርስ ሕክምና ይሰጣል። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።

አሁን ወደኛ ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። የሴት ልጅ የወር አበባ 50 ዓመት ገደማ ሲሆናት ይቆማል፤ የወንዱ ሆርሞን ግን አይቆምም፣ ከ30ና ከ40 ዓመት ወዲህ በየዓመቱ አንድ በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ። ይኸ እርጅና ነው፣ በሽታ አይደለም። የሚያስቸግረን ፕሮስቴት ነው። ፕሮስቴት በፊኛ ሥር የሽንቱን ቱቦ ከብባ የተቀመጠች፣ በወጣትነት ከትንሽ ሎሚ የማትበልጥ እጢ ናት። ቴስቶስቴሮን እዚያ ሲደርስ ወደ ሌላ ጠንካራ ሆርሞን ይለወጥና እጢዋን እየመገበ ያሳድጋታል። ከ50 ዓመት በላይ ከሆንነው ግማሽ ያህላችን፣ 80 ያለፉትም አብዛኞቹ እጢው አድጎባቸዋል። ሲያድግ የከበበውን ቱቦ ያንቃል፤ ሽንት ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ያስነሣል።

የዚህ መድኃኒት የተገኘበት መንገድ የሚገርም ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአንድ መንደር ሲወለዱ ሴት መስለው 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወንድ ሁነው የሚወጡ ልጆች ነበሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ሲመረምሯቸው ቴስቶስቴሮንን ወደዚያ ጠንካራ ሆርሞን የሚለውጠው ነገር ጎድሏቸው ተገኘ። ካደጉም በኋላ ፕሮስቴታቸው ትንሽ እንደሆነች ትቀራለች፣ በራም አይሆኑም። ይኸን አይተው ያንኑ ለዋጭ የሚያግድ ፊናስተራይድ የተባለ ክኒን ሠሩ፤ ከ1992 ወዲህ በሽያጭ ላይ ነው። ወራት ሲወሰድ እጢውን ያሳንሳል። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እሱ የቱቦውን ጡንቻ አላልቶ በቀናት ውስጥ ሽንቱን ያቀላል። ካልሆነም ቀዶ ሕክምና አለ። ይኸ ሁሉ እያለ በሽንት መዘጋት መሰቃየት፣ ኩላሊትም እስኪጎዳ መታገሥ ለምን?

ሁለት ነገር አስታውሱን። የጉንፋን ክኒን አንዳንዱ ይኸን ቱቦ ያጠብቃልና ፕሮስቴት ያለበት ሰው ለፋርማሲው ሳይነግር አይግዛ። ጫትም እንደዚሁ ነው፤ የመን ውስጥ ተለክቶ የሽንትን አወራረድ እንደሚቀንስ ታውቋል። ቅሞ ማታ ሽንት እምቢ ያለው ሽማግሌ ምክንያቱን ከዚህ ይፈልግ። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የማይለቅ የወገብ አጥንት ሕመምና ክብደት መቀነስ ከታየ ግን ነገሩ ካንሰር ሊሆን ይችላልና ቀን አይሰጠውም። የፕሮስቴት ካንሰር በቴስቶስቴሮን እንደሚመገብ ሃጊንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. አሳይቶ ኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ስለዚህ ሕክምናው ሆርሞኑን መዝጋት ነው። ሰንጋውንና ኮርማውን የሚያውቅ ሰው ይኸን ለመረዳት አይቸገርም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሌሊት ስንቴ እንደምትነሡ ቆጥራችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ብቻውን መሄድ ያፈረ አባል ካለ ከኛ ለአንዳችን ይንገረን፤ አብረነው እንሄዳለን፣ ወሬውም ከመዝገብ ክፍሉ አይወጣም። ባልና ሚስት ሁነው ለመሄድ ያሰቡም ለታክሲ ከተቸገሩ ለሊቀ መንበሩ ቢያመለክቱ ኮሚቴው ተነጋግሮበታል። ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት ስለ ተፈቀደልን፣ ጮክ ብሎ መጠየቅ የማይፈልግ በወረቀት ጽፎ ይስጠን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።